ከፍልሰታ በኋላ የተቀዳው ደም

እኔ ሥራዬ ደም ማየት ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፤ ጠያቂውም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወሬ ይቀይራል፣ እኔም እገላገላለሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። አንገቴ ያመኛል፤ ጠባይሽም ከአንገትሽ ጋር አብሮ ተበላሽቷል ይሉኛል ባልደረቦቼ። ውሸት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ አልነሣ ሲል እጮኻለሁ፤ ስላይድ አበላሽቶ የሚያመጣልኝ ተለማማጅ ሲገጥመኝ እጮኻለሁ፤ ዝም ያልኩ ቀን ደግሞ ምን ሆነች ይባላል።

ልጆችን በሚይዘው አጣዳፊ የደም ካንሰር፣ በሉኪሚያ ላይ ጥናት ይጀመራል ሲባል ግን ከልቤ ደስ አለኝ። እስከዚያ ድረስ የእኔ ድርሻ በሽታውን አግኝቶ መናገር ብቻ ነበር። የሰው ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። ይህ በሽታ ሲገባ መቅኔው ያልበሰሉ ነጭ ሴሎችን ብቻ እያበዛ ሌላውን ደም ያፍነዋል፤ ልጁ ይገረጣል፣ ድዱ ይደማል፣ ትኩሳት አይለቀውም። እኔ ስላይዱን አይቼ «አለ» እላለሁ፤ የቀረው የሐኪሞቹ ነው። አሁን ግን ለምን አንዱ ልጅ ይድናል፣ ለምን በሌላው ላይ ይመለሳል የሚለውን ልንጠይቅ ነው ተባለ። ለስንቱ ሕፃን «አለ» ብዬ ቤቴ ገብቼ እህል አልበላ እያለኝ አድሬያለሁ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በመምጣቱ ተመስገን አልኩ።

ጥናቱ የሚከታተለው አንዲት ትንሽ ክኒን ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ሆስፒታል ተኝተው በመርፌ ይታከማሉ፤ በሽታው ከዐይን ሲሰወር ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። የተደበቀውን ሴል ቀስ እያለ የሚጨርሰው ያ ክኒን ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል፣ በየማታው ይዋጣል። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ደም ወስዶ ምን ያህል እንዳለ መለካት ይቻላል። የሰው ገላ ደግሞ አንድ አይደለም፤ አንዱ መድኃኒቱን ቶሎ ያቃጥለዋል፣ አንዱ ያቆየዋል፣ ይህም በዘር የሚወረስ ነገር ነው። የእኛ አገር ልጆች ገላ ምን ያደርገዋል? ልናውቅ የፈለግነው ይህንን ነበር። ልጆቹ በየወሩ ለክትትል ሲመጡ ትንሽ ደም እቀዳና አቀዘቅዛለሁ፤ ሲጠራቀም በአንድ ላይ ይለካል። በዚህ ምክንያት ውጤቱ የሚደርሰን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነበር።

ከልጆቹ መካከል ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆናታል። አባቷ ቄስ ናቸው። በሥራ ቀን ያርሳሉ፣ በሰንበትና በበዓል ይቀድሳሉ። እናትየዋ ከታናናሾቹ ጋር ቤት ስለምትቀር ይዘዋት የሚመላለሱት እሳቸው ነበሩ፤ በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ላይ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያመጧታል። ምላሷ ለጉድ ነው! በመድኃኒቱ የረገፈው ጸጉሯ እንደገና ሲወጣ ጥቅልል ብሎ ወጣና «በግ ሆንኩላችሁ፣ ለፋሲካ እንዳታርዱኝ» ብላ ክፍሉን አሣቀችው። ለእኔም ስም አውጥታልኛለች። መርፌዬን ይዤ ብቅ ስል «አባዬ፣ አልቅቷ መጣች» ትላለች። ቄሱ በኀፍረት የሚገቡበት ይጠፋቸዋል፤ ኧረ ነውር ነው ይሏታል። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ ልክ ልኩን እነግረው ነበር። በእሷ ግን እሥቃለሁ። ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችው፤ ከሁሉም አብልጬ እሷ እንድትድን ፈለግሁ። ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፣ ሰውን ያደክማል።

የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ሲመጡ መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ከጠበቅነው በታች የሆነ ልጆች ተገኙ፤ እሷም አንዷ ነበረች። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑትና ታታሪ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን መቀመጥ አቃተው። የደጋው ሰው ገላ ክኒኑን ቶሎ ያቃጥል ይሆናል አለ። ከሆነ ሌላ አገር የተወሰነውን መጠን እንዲሁ መቀበል የለብንም፣ ለእኛ ልጆች የሚስማማውን ራሳችን ልናገኘው ነው አለ። ችኩልም አልነበረም፤ ወላጆቹን ጠይቋል። ቄሱንም ክኒኑን ሲሰጧት ታስመልሳለች ወይ ብሏቸው፣ መጀመሪያ ሰሞን ታስመልስ ነበር፣ አሁን ግን ሸጋ አድርጋ ትውጣለች አሉት። ይህም እውነት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ዝቅተኛ ቁጥር ደስ ብሎን ሻይ ተገባበዝን።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ሌላውን ጾም እያለቃቀሰ የሚሸሽ ልጅ ሁሉ ፍልሰታን ይጾማል፣ በየቀኑ ይቆርባል። ከቀትር በኋላ በዚያ ዝናብ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አፋቸውን ሸፍነው ከየቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ የጎንደር መንገድ በእነሱ ይሞላል። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴ እዚሁ ከተማ የደብር ቄስ ነበር። የቆረበ ልጅ አይተፋም፣ አይሮጥም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፤ ወድቆ እንዳይደማ። አንድ ጊዜ ቆርቤ ስመለስ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተላጠ። እናቴ ደሙን በጥጥ ጠርጋ ጥጡን እሳት ውስጥ ከተተችው። ስለ ቁስሌ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ያሳሰባት ሌላ ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥም ያን ሰሞን ሁላችንም ጾመኞች ነበርን፤ ዶክተሩም ጭምር። ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ ሳንቀምስ ደም ስንቆጥር እንውላለን፤ ያኔ የእኔ ጠባይማ አይነሣ። ከመካከላችን ግን ያን ክኒን ከቁርባን ጋር አገናኝቶ ያሰበ አልነበረም። ለእኛ የሆስፒታሉ ነገር በሆስፒታል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር በቤተ ክርስቲያን ነበር።

ጾሙ እንደ ተፈታ ቄሱ ልጅቷን ይዘው ለክትትል መጡ። ፊቷ ወዝ አውጥቷል፣ ጉንጯ ሞልቷል። ፍልሰታን አንድም ቀን ሳታጓድል ስለ ጾመች ኩራቷ ሌላ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ በሦስተኛው ቀን በቆሎ እሸት ሰርቆ መብላቱን ለክፍሉ ሁሉ አወጀች። ደሟን ቀዳሁ። ግማሹን ለጥናቱ አቀዘቀዝኩት፣ ግማሹን ቆጠርኩት። ነጭ ሴሎቿ ከሌላው ጊዜ ከፍ ብለዋል። ክኒኑ በደንብ ሲሠራ ነጭ ሴሎቹን ዝቅ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ከፍ ካሉ መድኃኒቱ አንሷታል ማለት ነው። ከቀድሞው ውጤት ጋር ግጥም አለ። ዶክተሩ ገላዋ እያቃጠለው ነው አለና መጠኑን ከፍ አደረገው። ያን ቁጥር ያየ ሐኪም ሁሉ ያንኑ ያደርግ ነበር። ቄሱንም ይህ አዲሱ መጠን አንድም ማታ እንዳይታለፍ ብሎ አጥብቆ አሳሰባቸው፤ እጅ ነሥተው ሄዱ።

በመስከረም፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ተሸክመዋት መጡ። ትኩሳቱ ከጀመራት ሰንብቷል። መንገድ ተዘግቶ መኪና ስላልነበረ ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በጀርባቸው ነው ያደረሷት። አፏ ውስጡ ቆስሏል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዐይኗን አትገልጥም። ደሟን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ ሳየው ክው አልኩ። ነጭ ሴል የለም። ስላይዱን እየገፋሁ ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ ባዶ ነው። በሽታው አልተመለሰም፤ መድኃኒቱ ነበር መቅኔዋን ያደረቀው። ቶሎ ያቃጥለዋል ያልነው ገላ ሊሸከመው አልቻለም። ነጭ ሴል የሌለው ልጅ ደግሞ ሌላው ሰው በጉንፋን የሚያልፈው ነገር ይገድለዋል። ዶክተሩ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ክኒኑ እንዲቆም፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ እንዲገባላት አዘዘ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ደም ልቀዳ አልጋዋ አጠገብ ስቆም አልቅት የሚለኝ የለም። ቄሱ እግርጌዋ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሆዴ ባባ። እኔ ሆዴ ሲባባ ቁጣ ነው የሚቀናኝ፤ ምን አብልተዋት ነው፣ የገጠር መድኃኒት ቀምሳ ይሆን እንዴ ብዬ አፋጠጥኳቸው። የለም አሉ። የተሰጣቸውን ክኒን ብቻ ነው፣ እንደ ታዘዙት። ዶክተሩ እንዳይታለፍ ስላላቸው ከፍልሰታ ወዲህ አላቆረቧትም፤ ያም ቅር እያላቸው ነው። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ቁርባኑን ምን አመጣው አልኳቸው። ታዲያ በቆረበችበት ቀን ክኒኑ እንዴት ይሰጣል አሉኝ።

ደግሜ ጠየቅሁ፣ ቃል በቃል። በቆረበችበት ቀን፣ ማታ፣ ክኒኑን ሰጥተዋት ያውቃሉ? ቀና ብለው አዩኝ። የቄስ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ፤ እኔ ይህን መጠየቄ ገርሟቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሥጋ ወደሙ በተቀበለ ሆድ ላይ? ብታስመልሰውስ?»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ ወገቤን ያዝኩ። ክኒኑ መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባያስመልሳትም፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ ብታስመልስ የሚሆነውን እያሰቡ እንዴት ይደፍራሉ? ስለዚህ ፍልሰታን ሙሉ ክኒኑን አልሰጧትም። ከፍልሰታ ውጪስ ስላቸው፣ እሑድ እሑድ፣ በወር በወር ደግሞ በእመቤታችንና በሚካኤል ቀን ነው የማቆርባት አሉ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ክኒኑ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ያየነው ቁጥር ይኸው ነበር። እኛ ደግሞ ያን አይተን መጠኑን ከፍ አደረግን፤ እሳቸውም ከፍ ያለውን አንድም ማታ ሳያልፉ ሰጧት። ይህን ሲነግሩኝ ምንም የደበቁት ነገር አልነበረም፤ የሠሩትን ደግ ሥራ ነው የነገሩኝ። ልጃቸውን በሁለት በኩል ይዘዋት ነበር እኮ፤ አንዱን ቀን በክኒን፣ አንዱን ቀን በቁርባን።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ ነው የምጮኸው? እኔ ታምሜ ቢሆን አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የተቀዳውን ደም ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው እያየኝ። ከዚያ ለዶክተሩ ሄጄ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል፣ ወይ ቄሱን ያስጠራል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔም እኮ ፍልሰታን ጾሜያለሁ» አለኝ።

ከፍልሰታ በኋላ የተቀዳው ደም ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ሲለካ መድኃኒቱ ከናካቴው የለም ለማለት ምንም አልቀረው። የደጋው ገላ ምንም ያቃጠለው ነገር አልነበረም። ሌሎቹን ወላጆች ይህንኑ ጥያቄ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ሳይደብቁ ነገሩን። ከጠዳ የመጣች አንዲት እናት፣ የቆረበ ልጅ ክኒን እንደማይውጥ ለእናንተም ማስተማር ያስፈልጋል እንዴ ብላ ታዘበችን። ዶክተሩ ሊጽፍ የጀመረውን ተወው። አዲስ ነገር አገኘን ብለን ሻይ የጠጣንባት ቀን ትዝ ስትለኝ እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል።

ልጅቷ በሞትና በሕይወት መካከል ሰነበተች። በየጧቱ ደሟን እየወሰድኩ እፈልጋለሁ፣ ምንም የለም። ደመራው በርቶ ከተማው ሲጨፍር እኔ ከማይክሮስኮፑ አልተነሣሁም። ከመስቀል በኋላ አንድ ጧት ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ነጭ ሴል ታየኝ፤ ጤነኛ፣ የበሰለ። እልል ልል ቃጣኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለቄሱ ስነግራቸው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ቄስ ጉልበቴን ሲስም ከማይ ምነው መሬት ዋጥ ባደረገችኝ። ልጅቷም በሳምንቱ ተቀምጣ ዳቦ ጠየቀች።

ዶክተሩ ለቄሱ ሁሉንም በረጋ መንፈስ አስረዳቸው። አልተከራከሩም። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይላላል፣ ቆርባ፣ እህል ቀምሳ፣ ማታ ክኒኑን ትዋጥ፣ ብታስመልስም በንጹሕ ጨርቅ ተቀብለህ እግር በማይረግጠው ቦታ ቅበረው ተባሉ። ይህን ሲነግሩኝ ቃል በቃል ነበር። ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ቅርብ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ በቀድሞው መጠን ተጀመረ፤ በቁርባን ቀንም፣ በጾምም፣ በፍስክም አልታለፈም።

ያ በጋ ሸጋ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመለሰች። በየወሩ ስትመጣ አልቅቷ ወፈረች፣ የኔን ደም ጠጥታ ነው እያለች ታሣቅብኛለች። የመድኃኒቱ ቁጥር ልክ መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ነበር። ዶክተሩ ክኒኑን የምታቆምበት ጊዜ ሩቅ አይደለም ሲል እኔም አመንኩ። እንደዚያ ማመን ካቆምኩ ቆይቼ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ነው። የተለመደው ክትትል፣ የተለመደው ስላይድ። ትልልቅ ሴሎች አየሁ፤ አስኳላቸው ሴሉን ሞልቶት ዳር ዳሩን ቀጭን ሰማያዊ ብቻ የቀረው። ስንት ዓመት ያየኋቸው ናቸው፣ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃኝ ነበር። ግን ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ፣ ሌላ ስላይድ ሠራሁ፣ አዲስ ቀለም ቀባሁት፣ የሌላ ልጅ ደም ይሆን ብዬ መለያውን ደጋግሜ አየሁ። እዚያው ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ስትከራከር ድምጿ ይሰማኛል። ለዶክተሩ ልነግረው ስሄድ እንዳታየኝ በጓሮው በር ወጣሁ።

መቅኔዋ ተወስዶ ሲታይ ጥርጥር አልነበረውም፤ በሽታው ተመልሷል። ዶክተሩ ለቄሱ ነገራቸው። ከእሱ ዘንድ ወጥተው ቀጥታ ወደ ላብራቶሪው መጡ። ገብተው አያውቁም ነበር፤ በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ኧረ ይግቡ አልኳቸው። ቆመው ማይክሮስኮፑን አዩት። እኔን አላዩኝም።

«የመለሰው ያ ፍልሰታ ነው?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ክኒን የሚታለፍባቸው ልጆች ላይ በሽታው እንደሚበረታ የታወቀ ነው። ግን አንድም ቀን ሳይታለፍባቸው የተመለሰባቸው ልጆች አሉ፤ ከእሷ ብዙ አስቀርተው በጤና የሚሮጡም አሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድኃኒቱ የማይበግራት አንዲት ሴል ተደብቃ ቆይታም ይሆናል፤ ያኔ ክኒኑ ቢሰጥም ባይሰጥም ለውጥ አያመጣም። አንዱንም ቃል ሳያልፉ ሰሙኝ።

«ስለ ብዙ ልጅ ልነግርዎት እችላለሁ፣ አባ። ስለ እሷ ግን አላውቅም» አልኳቸው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ እያለሽ አሉኝ፤ በወቀሳ አልነበረም። አዎ፣ ይህ ሁሉ መሣሪያ እያለኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ።

ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ነው። አዲስ አበባ እስክትላክ እዚሁ ተጀመረላት፤ ገላዋ ግን አልቻለም። በሐምሌ፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አባቷ እጇን ይዘዋት አረፈች። እኔ ለታካሚ ለቅሶ ሄጄ አላውቅም፤ ከጀመርኩት መመለሻ የለውም ብዬ ነው። ለእሷ ግን ሄድኩ። ከትክል ድንጋይ ወዲያ በዚያ ጭቃ ስወድቅ ስነሣ ደረስኩና ከማላውቃቸው ሴቶች መካከል ገብቼ እንደ ዘመድ አለቀስኩ፤ ማን ናት ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም። ቄሱ ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው ነበር። እግዜር ያጥናችሁ ስል እጄን ይዘው አቆዩት።

በተከታዩ ዓመት ዶክተሩ ከፍልሰታ በፊት የልጆቹን ወላጆች ሰብስበን ስለ ክኒኑና ስለ ጾሙ እንንገራቸው አለ። የእኛ ነገር ስለማይገባቸው ሳይሆን፣ ስለ ቁርባን ከሐኪም አፍ መስማት ስለሚቀፋቸው ቄሱ ይምጡልን ብሎ ላከባቸው። አይመጡም ብዬ ነበር፤ መጡ። መስቀላቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆመው ተናገሩ። ሥርዓቱ ምን እንደሚል፣ ለታመመ እንዴት እንደሚላላ፣ ቢያስመልስ ምን እንደሚደረግ ግልጥ አድርገው አስረዱ። ወላጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙ። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት የእርስዎስ ልጅ እንዴት ሆነች አለቻቸው።

«አረፈች» አሉ። «በፍልሰታ ክኒኗን ከልክዬ የገደልኳት እኔ ነኝ።»

እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ያን ዓመት ከፍልሰታ በኋላ የቀዳሁት የልጆች ደም ሲለካ መድኃኒቱ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድም ልጅ አልጎደለም። ለዶክተሩ እኒህ ሰው የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን እኮ አናውቅም አልኩት። አውቃለሁ አለኝ፤ ግን ልጆቹ እየዋጡ ነው፣ እኒህን ሰው ያቁሙ ልበላቸው? አለ። እኔ ከእውነት በቀር ምን ይዘን እንመራመራለን ብዬ ጮህኩበት። ያን ምሽት ቤቴ ገብቼም ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣሉ። ዘንድሮ ግን ወደ ክፍሉ ሳይገቡ ኮሪደሩ ላይ ቀድሜ ያዝኳቸው። ጢማቸው ነጥቷል፤ አርጅተዋል። ስለ ክኒኑ ይንገሯቸው፣ ገደልኳት ግን አይበሉ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም አልኳቸው። ሳይቆጡ ሰሙኝ።

«አላውቅም እንዳልሽኝማ አልረሳሁም» አሉ። «ግን ልጄ፣ የኔ ጥፋት ከሆነ ንስሐ አለው። እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ እዚህ እየመጣሁ እናገራለሁ። እንዲያው ከደሟ የመጣ ከሆነስ፣ ምን አደርጋለሁ?»

ይህን ያህል ዘመን ከበሽታው ጋር ኖሬ ለዚህ የሚሆን ቃል የለኝም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቋቸው ስለነበር ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኳቸው። በረጋ ድምፅ ልጃቸውን እሳቸው እንደ ገደሏት ነገሯቸው፤ እኔም ዝም አልኩ።